ሉክሬቲየስን ከግጥሙ አትነጥሉት

ስለ ሮማዊው ባለቅኔ ስለ ሉክሬቲየስ የሚጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ዓይነት ውዳሴ ደጋግሞ ያገኛል። ሰውዬው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ስለ አቶም የተናገረ፣ ሳይንስን የቀደመ ነቢይ ነው ይባላል። ውዳሴው እንዳበቃ ደግሞ ለግጥሙ ይቅርታ ይጠየቅለታል፦ በስንኝ መጻፉ የዘመኑ ልማድ ነው፤ ደረቁን ትምህርት አንባቢ እንዳይሸሸው ያጣፈጠበት ዘዴ ነው፤ ፍሬው አቶሙ ነው፣ ስንኙ ገለባ ነው። ይህ አስተያየት ከሥር ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ሉክሬቲየስ ያሰበውም፣ ያስረዳውም፣ ያሳመነውም በግጥም ነው። ስንኙን ያነሣ ሰው ማስረጃውን አብሮ ያነሣል፤ በእጁ የሚቀረውም ጊዜ ያለፈበት የፊዚክስ ማስታወሻ ብቻ ነው።

አስተያየቱ የትናንት አይደለም። አሪስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ፣ ስለ ተፈጥሮ በስንኝ የጻፈውን ኤምፔዶክለስን ከሆሜር ጋር የሚያገናኘው የስንኙ ምጣኔ ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህም ባለቅኔ ከመባል ይልቅ የተፈጥሮ ተመራማሪ መባል እንደሚገባው ተናግሯል። እንግሊዛዊው ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1815 ለወዳጁ ለወርድስወርዝ በላከው ደብዳቤ ያንኑ ቢላ በሉክሬቲየስ ላይ አነሣ፤ በሥራው ውስጥ ግጥሙና ፍልስፍናው አንድ ቦታ እንደማይገኙ ፈረደ። የትምህርት ቤት መድበሎች ፍርዱን ሥራ ላይ አዋሉት፦ ያማሩ የተባሉትን ቁርጥራጮች መርጠው ለተማሪ ሰጡ፣ ክርክሩን ለፍልስፍና መምህራን ተዉት። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የስቴፈን ግሪንብላት መጽሐፍ የዚህን ግጥም ከተረሳበት መገኘት ከዘመናዊው ዓለም መወለድ ጋር አቆራኘው። ግሪንብላት የግጥሙን ውበት አልካዱም፤ በፍቅር ነው የሚናገሩለት። ከመጽሐፉ በኋላ የተሰማው ጭብጨባ ግን «ለካ አቶምን ያውቁ ኖሯል!» የሚል ነበር። የጥንቱ ሐያሲ የተፈጥሮን ባለቅኔ ተመራማሪ ነህ ብሎ ከባለቅኔዎች ጉባኤ አስወጣው፤ የዛሬው አድናቂ በእልልታ ያስወጣዋል።

ግጥሙ «ስለ ነገሮች ተፈጥሮ» ይባላል። በስድስት መጻሕፍት የተከፈለ፣ 7,400 ያህል ስንኞች ያሉት፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አጋማሽ፣ የሮም ሪፐብሊክ በመፍረስ ላይ ሳለ የተጻፈ ነው። ምጣኔው ሆሜር የጦር ጀግኖችን ያወሳበት ባለ ስድስት ምት ስንኝ ነው። ትምህርቱ የግሪካዊው ፈላስፋ የኤፊቆሮስ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ተከታዮቹን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ያውቃቸዋል፣ ጳውሎስ በአቴና ከተከራከራቸው ፈላስፎች መካከል ናቸው። እንደ ኤፊቆሮስ ትምህርት ያለው ነገር ሁሉ አቶምና ባዶ ቦታ ነው። ነፍስም ከአቶሞች የተገጣጠመች ስለሆነች ከሥጋ ጋር ትበተናለች። አማልክት በሰው ጉዳይ አይገቡም። እንግዲያው ሞትንም አማልክትንም መፍራት ምክንያት የለውም።

አሁን ነቢይነቱን እንመርምር። በብዛት የሚጠቀሰው በሁለተኛው መጽሐፍ ያለው የአቧራ ብናኝ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ የፀሐይ ጨረር ይገባል፤ በጨረሩ ውስጥ ጥቃቅን ብናኞች እንደ ሠራዊት ይጋጠማሉ፣ ይበታተናሉ፣ ዳግም ይገናኛሉ። ሉክሬቲየስ ከዚህ ተነሥቶ የማይታዩት አቶሞችም ያለ ዕረፍት እንዲህ ይተራመሳሉ ይላል። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 በማይክሮስኮፕ ያየውን፣ አንስታይን በ1905 በስሌት ያስረዳውን እንቅስቃሴ ሉክሬቲየስ ቀድሞ አይቶታል ይላሉ። አላየውም። በጨረር ውስጥ በዓይናችን የምናያቸውን ብናኞች በዋናነት የሚያተራምሳቸው የአየር ሞገድ ነው። ብራውን ያየው እንቅስቃሴ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ሉክሬቲየስ ማይክሮስኮፕ አልነበረውም።

ይህን መንገድ ይዘን ከቀጠልን ዕዳው ይበዛብናል። ሉክሬቲየስ ፀሐይ ለዓይናችን ከምትታየው እምብዛም አትበልጥም ብሏል። ከእሱ በፊት በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኤራቶስቴነስ የምድርን ዙሪያ በጥላ ለክቶ ሳለ፣ እሱ ግን ከምድር በታች በኩል እንስሳት ይሄዳሉ የሚለውን ሐሳብ እንደ ቂልነት ቆጥሮ ተሳልቆበታል። አንበሳ አውራ ዶሮን የሚሸሸው ከዶሮው ገላ የሚወጡ ቅንጣቶች ዓይኑን ስለሚወጉት ነው ብሎ አስረድቷል። የእሱ አቶም የማይከፈል፣ ጠንካራ፣ ዘላለማዊ ነው፤ የዛሬው አቶም እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሌክትሮን፣ በ1911 ደግሞ ኒውክሊየስ ተገኝቶበት የተከፈለ ነው። በባዶ ቦታ ከባዱም ቀላሉም በእኩል ፍጥነት ይወድቃል ማለቱ ትክክል ነበር፤ እሺ። ግን እዚያው ላይ ወሰን የሌለው ዓለም ውስጥ «ወደ ታች» የሚባል አቅጣጫ እንዳለ አድርጎ ይናገራል። አድናቂዎቹ የሚመቻቸውን ይዘው የማይመቻቸውን ይዘላሉ። በእነሱ አያያዝ ሉክሬቲየስ አንዳንዱ የተሳካለት፣ አብዛኛው ያልተሳካለት ገማች ነው። ገማች ደግሞ ነገሩ በመሣሪያ ከተረጋገጠ ወዲያ አይነበብም። ሳይንስን ቀደመ የሚሉት ወዳጆቹ ሳያውቁት ይቀብሩታል።

የሚነበብበትን ምክንያት ለማግኘት ከራሱ ችግር እንነሣ። ኤፊቆሮስ የዕውቀት ሁሉ መነሻ የስሜት ሕዋሳት ናቸው ብሎ አስተምሯል። ዓይን ያላየውን፣ እጅ ያልነካውን ማመን የለብንም። ግን የትምህርቱ ምሰሶ አቶም ነው፤ አቶምን ደግሞ ማንም አላየውም፣ ማንም አይነካውም። ታዲያ ለስሜት ሕዋሱ ታማኝ የሆነ ሰው የማይታየውን እንዴት ይመነው? አንድ መንገድ ብቻ አለ። የሚታየውን ወስዶ፣ ጠጋ ብሎ አይቶ፣ በአምሳያው ወደማይታየው መሻገር። እንግዲህ ለኤፊቆሮሳዊ አሳቢ ምሳሌ የንግግር ማሳመሪያ ሊሆን አይችልም፤ የማስረጃው አካል ነው። ምሳሌው ካልታየ፣ በገላ ላይ ካልተሰማ ድልድዩ የለም። ኤፊቆሮስ ራሱ በስድ ንባብ ነው የጻፈው፤ ለግጥምም በጎ አመለካከት አልነበረውም ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። መምህሩን እንደ አምላክ ያከበረው ተማሪ በዚህ ብቻ ከመምህሩ ተለየ። ሳያስብበት የተለየ አይመስለኝም፤ ትምህርቱ የጎደለውን አይቷል።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ያለውን አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። ፍሬ ሐሳቡ በስድ ንባብ ቢባል «የማይታዩ አካላት አሉ» ነው። ይህን የሰማ ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፤ አያምንም፣ አይክድም። ሉክሬቲየስ ግን በነፋስ ይጀምራል። ነፋሱ ባሕሩን ይገርፋል፣ መርከብ ይገለብጣል፣ ዛፍ ይነቅላል፤ ማንም አያየውም፣ ግን እንደ ጎርፍ ድልድይ ጠራርጎ ከሚሄደው ወንዝ በምን ያንሳል? ከነፋሱ ወደ ሽታ፣ ወደ ሙቀትና ብርድ፣ ወደ ድምፅ ይሄዳል። ከዚያ ልብስ ይመጣል፦ ማዕበል በሚመታው ዳርቻ የተሰቀለ ልብስ ይረጥባል፣ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ይደርቃል፤ ውሃው እንዴት እንደገባ ማን አየ? እንዴት እንደወጣስ? ከልብሱ ወደ ቀለበት። ጣት ላይ ለዓመታት የኖረ ቀለበት ከውስጥ በኩል ይሳሳል። ጠብታ ድንጋይ ይቦረቡራል። የማረሻው ብረት ማሳ ውስጥ ሳያሳውቅ ያልቃል። የመንገዱ ንጣፍ ድንጋይ በእግረኛ ብዛት ይላሳል። በከተማው በር አጠገብ የቆሙት የነሐስ ሐውልቶች ቀኝ እጃቸው ሳስቷል፤ አላፊ አግዳሚው ሰላምታ ሲያቀርብ ይዳስሰዋልና።

የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ በሉ። በአንድ ቅጽበት ገላን ከሚመታ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ፣ በሰዓታት ወደሚደርቅ ልብስ፣ በዓመታት ወደሚሳሳ ቀለበት፣ በትውልድ ወደሚላስ ድንጋይ ይሄዳል። የግጥሙ ፍጥነት ራሱ እየቀነሰ፣ የአንባቢው ዓይን ደግሞ ያንኑ ያህል እየተሳለ ነው። መጨረሻ ላይ ሐውልቱ ፊት ስንቆም ማንም አንድ ሰው ያንን እጅ እንዳልበላው፣ ግን እጁ እንደተበላ እናያለን። በእያንዳንዱ ንክኪ የሄደች ነገር አለች፤ የምትታይ አይደለችም፤ ግን ሄዳለች። የነካው ደግሞ ሰው ነው፤ ምናልባት አንባቢው ራሱ ትናንት በዚያ በር ሲያልፍ ነክቶታል። ሉክሬቲየስ ላቦራቶሪ አልነበረውም። የአንባቢውን ገላና ትዝታ መሣሪያ አድርጎ ተጠቀመበት። ይህን ቦታ አጠቃልላችሁ «ነገሮች በማይታይ ሁኔታ ያልቃሉ» ብትሉ መደምደሚያውን ያዛችሁ፣ ማስረጃውን ግን ጣላችሁ።

ላሚቱ ደግሞ አለች። በሁለተኛው መጽሐፍ መካከል ሉክሬቲየስ አቶሞች ሁሉ ቅርጻቸው አንድ አይደለም ለማለት ይነሣል። አንድ ዓይነት የምንላቸው ፍጡራን እንኳ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ ባይኖራቸው እናት ልጇን፣ ልጅም እናቱን አይለዩም ነበር። አመክንዮው ይኸው ነው። ከዚያ ግን ሙግቱ ይቆማል፣ ላሚቱ ትገባለች። ጥጃዋ ዕጣን በሚጨስበት መሠዊያ ፊት ታርዷል። እሷ አታውቅም። በሜዳው ትዞራለች፣ መሬቱ ላይ የሰኮናውን ዱካ ትፈልጋለች፣ ጫካውን በእምቧታ ትሞላዋለች፣ እየተመለሰች በረቱን ታያለች። ለጋ ቅጠል፣ ጤዛ ያረፈበት ሣር፣ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ አያጽናናትም። ሌሎች ጥጆች በለመለመው መስክ አሉ፤ እነሱም ሐሳቧን አያስቀይሯትም።

መድበል አዘጋጆች ይህን ቦታ ለስሜት የተጨመረ ውብ ጣልቃ ገብ ታሪክ አድርገው ቆርጠው ያወጡታል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የላሚቱ ሐዘን ማስረጃው ራሱ ነው። አንዱ ጥጃ በሌላው የሚተካ ቢሆን፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ፍጹም አንድ መሆን ቢችሉ፣ መስኩ ላይ ያሉት ጥጆች ይበቋት ነበር። አልበቋትም። የመጽናናት እምቢታዋ የልዩነትን መኖር ያረጋግጣል፤ ይህንም አንባቢ የሚያምነው ከእሷ ጋር በረት ደርሶ ሲመለስ ነው። በእነዚያ አሥራ አምስት ያህል ስንኞች ውስጥ ሉክሬቲየስ ፊዚክስ ያስተምራል፣ እናትነትን ያያል፣ መሠዊያውንም ይከስሳል። በመጀመሪያው መጽሐፍ አባቷ አጋሜምኖን ለመርከቦቹ ነፋስ ፍለጋ በአውሊስ መሠዊያ ላይ የሠዋትን ልጅ የሚያስታውስ አንባቢ ጥጃው የታረደበትን መሠዊያ ዝም ብሎ አያልፈውም። ሦስቱን ለይታችሁ አውጡ ብትባሉ ከየትኛው ቃል ላይ ትቆርጣላችሁ?

የፊደሉ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ሉክሬቲየስ አቶሞች ጥቂት ዓይነት ሆነው ሳለ ስፍር ቁጥር የሌለውን ዓለም እንዴት ይሠራሉ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከአንባቢው ዓይን ሥር ያነሣዋል፦ ይህን ስንኝ ተመልከት፤ ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ ቦታቸውንና ቅደም ተከተላቸውን ስቀይር ቃሉም ድምፁም ትርጉሙም ይቀየራል። በላቲን እሳት «ኢግኒስ»፣ እንጨት «ሊግኑም» ይባላል፤ ቃላቱ ፊደል እንደሚጋሩ ሁሉ ነገሮቹም አቶም ይጋራሉ፣ ለዚህ ነው እንጨት ወደ እሳት የሚለወጠው ይላል። የቋንቋ አመጣጥ ማስረጃ ነው ብዬ አልከራከርለትም። የምከራከረው ስለ ግጥሙ ቦታ ነው። ይህ ሙግት ሲነገር አንባቢው እያየው ያለው ስንኝ የሙግቱ ናሙና ሆኖ ተቀምጧል። ግጥሙ ስለ ዓለም አሠራር እየተናገረ ሳለ በዚያው አሠራር ተሠርቶ በገጹ ላይ ይታያል። በስድ ንባብ አጠቃሎ ያቀረበ ሰው ናሙናውን ጥሎ ስለ ናሙናው ያወራል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ከባዱን መሣሪያ ያወጣል። ሉክሬቲየስ ራሱ ብሎታል ይለኛል። እውነት ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ኋላም በአራተኛው መግቢያ ላይ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደግሞ፣ ሐኪሞች ለሕፃናት መራራ መድኃኒት ሲሰጡ የጽዋውን አፍ ማር ይቀቡታል፣ እኔም ትምህርቴን በግጥም ማር ቀብቼዋለሁ ይላል። የባለቤቱ ቃል ከተገኘ ምስክር ምን ያስፈልጋል?

ቦታውን ሙሉውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከማሩ በፊት ሉክሬቲየስ የሚያስቀድመው ሌላ ነገር አለ። ማንም ባልረገጠው መንገድ እየሄደ፣ ካልተነካ ምንጭ እየቀዳ እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያም ጨለማ በሆነው ጉዳይ ላይ የጠራ፣ ብርሃን ያለው ስንኝ እንደሚገጥም ይገልጻል። የግጥሙ የመጀመሪያ ሥራ ማብራት ነው፤ ማጣፈጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የማሩን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነቅሎ የያዘ ሰው ከባለቤቱ ቃል ግማሹን ነው የሰማው።

ማሩም ቢሆን ከትምህርቱ ውጭ የሚኖር ማር አይደለም። በሁለተኛው መጽሐፍ ማር ለምን ይጣፍጣል፣ እሬት የመሰለው መራራ ቅጠልስ ለምን ይመርራል ብሎ ጠይቆ መልሷል፦ የማሩ ቅንጣቶች ልስልስና ክብ ናቸው፣ የመራራው ቅንጣቶች ደግሞ ቆልማማና የሚቧጥጡ። በሦስተኛው መጽሐፍ ማር ከውሃ ይልቅ ተጎትቶ የሚፈስሰው ቅንጣቶቹ እርስ በእርስ ስለሚያያዙ ነው ይላል። እንግዲህ ማሩና መራራው በዚህ ግጥም ውስጥ የተጠኑ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም አቶም ናቸው፤ ልዩነታቸው የቅርጽና የአደራደር ነው። የጽዋው ምሳሌ የተሠራበት ቁስ ከዚሁ ፊዚክስ የተወሰደ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ጣዕምን ከቁም ነገር የሚለይ ግድግዳ አቁሟል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ደግሞስ ማሩ የተቀባው ለማን ነበር? ግጥሙ የተላከው ለሜሚየስ ነው፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት በ58 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፕሪተር የነበረው ፖለቲከኛ ጋይዮስ ሜሚየስ ነው ይላሉ። ይህ ሰው ኋላ በምርጫ ሙስና ተከስሶ ከሮም ተሰደደ፤ በአቴናም የኤፊቆሮስ ቤት ፍርስራሽ ያለበትን ቦታ ይዞ ሊገነባበት አስቦ ነበር። የዘመኑ ስመ ጥር ተናጋሪ ሲሴሮ በ51 ለኤፊቆሮሳውያኑ እንዲተውላቸው ለምኖ የጻፈለት ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። የጽዋው ማር ሜሚየስን ለማባበል ብቻ ከሆነ ሙከራው ከሽፏል፤ ሰውየው የመምህሩን ደጅ እንኳ አላከበረም። ግጥሙ ግን አልከሸፈም። ስለዚህ ጥቅሙ ከማባበል ሌላ መሆን አለበት።

ታሪኩ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። በሉክሬቲየስ ዘመን የኤፊቆሮስን ትምህርት ያለ ማር ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ። አማፊኒየስ የሚባል ጸሐፊ በላቲን ስድ ንባብ ጽፎ፣ በሲሴሮ አነጋገር፣ እሱና ተከታዮቹ ኢጣሊያን አዳርሰው ነበር። ሲሴሮ የእነዚህን ሰዎች አጻጻፍ ጥበብ የለውም ብሎ ይነቅፋል። ለወንድሙ በ54 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን የሉክሬቲየስን ሥራ በተሰጥኦም በጥበብም ያመሰግናል። ከአማፊኒየስ አንድ ገጽ አልተረፈም። ኤፊቆሮስ ራሱ «ስለ ተፈጥሮ» ብሎ በስድ ንባብ ከጻፋቸው 37 መጻሕፍት የቀረው ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ቀብሮ ባከሰለው የሄርኩላኒየም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገኘ ቁርጥራጭ ነው። ስድስቱ የሉክሬቲየስ መጻሕፍት ግን አሉ።

ማን አተረፋቸው? በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ክርስቲያን ገልባጮች። ዛሬ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ሁለቱ ዋና የብራና ቅጂዎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። እነዚያ ሰዎች ነፍስ ትሞታለች የሚለውን ትምህርት አያምኑም ነበር፤ ሐሰት ነው ብለው ያመኑትን ነገር ስንኝ በስንኝ፣ በውድ ብራና ላይ፣ በእጃቸው ጻፉት። ላቲኑን ወድደውት፣ ስንኙን አክብረውት ነው። የጥንት ብራና ፈላጊው ፖጆ ብራቾሊኒ እ.ኤ.አ. በ1417 ከጀርመን ምድር ገዳም አግኝቶ ወደ ፍሎረንስ ያስተላለፈውም ያ ቅብብሎሽ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን፣ አዳ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ የህዳሴው ዘመን አንባቢዎች በቅጂዎቻቸው ኅዳግ ላይ ያሰፈሩት ማስታወሻ በአብዛኛው ስለ ቋንቋው፣ ስለ ግጥሙና ስለ ሥነ ምግባሩ ነበር፤ አቶም ላይ ያተኮሩት ጥቂቶች ናቸው፣ ማኪያቬሊ አንዱ ነው።

የአቶም ትምህርት ብቻ ቢፈለግ ሌላ መንገድ ነበር። የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጋን ላኤርቲየስ በአሥረኛው መጽሐፉ የኤፊቆሮስን ሦስት ደብዳቤዎች አቆይቶልናል፤ ፊዚክሱ በአጭሩ፣ በስድ ንባብ እዚያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1433 ወደ ላቲን ተተርጉሟል። ቄሱ ጋሳንዲ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቶምን ከክርስትና ጋር ሊያስታርቅ ሲነሣ ሉክሬቲየስን ደጋግሞ ቢጠቅስም፣ በ1649 ያሳተመው ትልቅ ሥራው የተጻፈው በዚያው የዲዮጋን መጽሐፍ ላይ ነው። እንግዲህ ትምህርቱን የፈለገ ሳይንስ ከስድ ንባቡ መቅዳት ይችል ነበር፤ ቀድቷልም። ዲዮጋን ባቆያቸው ደብዳቤዎች ላይ ላሚቱን ፈልጉ። የሐውልቱን እጅ ፈልጉ። የሉም።

ግጥሙ ምን ሊያደርግ እንደተጻፈ ከረሳን ሁሉም ነገር ይዛባል። ሉክሬቲየስ ስለ ሰማይ ሲናገር ለአንድ ነገር አራት አምስት ምክንያት ይደረድራል፤ ለፀሐይ መጋረድም፣ ለከዋክብት መዞርም። አንዱን አይመርጥም። ሳይንስን ቀደመ ለሚሉት ይህ አሳፋሪ ነው፤ እሱ ግን አያፍርበትም። በራሱ ምሳሌ፣ ከሩቅ አስከሬን ወድቆ ያየ ሰው የሞት ምክንያቶችን ሁሉ ዘርዝሮ ከመካከላቸው አንዱ እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ ሰይፍ ይሁን፣ ብርድ ይሁን፣ በሽታ ወይም መርዝ ይሁን መለየት አይችልም። ለሉክሬቲየስ ዋናው መብረቁ የአምላክ ቁጣ አለመሆኑ ነው። ሰውን ከፍርሃት ማላቀቅ ነው የሚፈልገው፤ ፍርሃት ደግሞ ደረት ውስጥ እንጂ በክርክር መዝገብ ላይ አይቀመጥም። በሦስተኛው መጽሐፍ ነፍስ ሟች ናት ለማለት ሠላሳ ያህል ማስረጃ ከደረደረ በኋላ እንኳ አላበቃውም፤ ተፈጥሮን ራሷን አስነሥቶ የሚያለቅሰውን ሽማግሌ ፊት ለፊት እንድትገሥጸው አደረገ። ትምህርቱን አልቀበልም። ነፍስን በተመለከተ የማምነው ሌላ ነው። ያ ግሣጼ ግን ሳነበው ይደርሰኛል፤ ሠላሳው ማስረጃ ለብቻው አይደርሰኝም።

የመጨረሻው ማስረጃዬ የግጥሙ ፍጻሜ ነው፤ እዚህ ላይ የማሩ ንድፈ ሐሳብ ራሱን ያፈርሳል። ስድስተኛው መጽሐፍ በ430 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴናን በፈጀው መቅሠፍት ይዘጋል። ምንጩ ቱኪዲደስ ነው፤ በሽታው ይዞት የተረፈ የዓይን ምስክር፣ በግሪክ ስድ ንባብ ከማንም በላይ አጥርቶ የጻፈ ሰው። ይኸውላችሁ ትክክለኛው ፈተና፦ ያው ጉዳይ በሁለት አጻጻፍ። ሉክሬቲየስ ቱኪዲደስ ከሚተርከው ጦርነት ፖለቲካውን ትቶ የበሽታውን ጉዞ ከግብፅ ተነሥቶ በአየርና በባሕር አድርጎ ያመጣዋል፤ ምልክቶቹን በአብዛኛው ተከትሎ ይዘረዝራል። ከዚያ አንድ ነገር ይጨምራል። ቱኪዲደስ አንዳንዶች የአካላቸውን ክፍል አጥተው እንደተረፉ ይነግረናል። ሉክሬቲየስ ላይ ግን ሰዎቹ ራሳቸው በብረት ይቆርጡታል፤ ምክንያቱንም ይነግረናል፦ የሞት ፍርሃት።

አንዳንድ ሊቃውንት ግጥሙ ሳያልቅ ባለቅኔው ሞተ ይላሉ፤ በአምስተኛው መጽሐፍ ስለ አማልክት መኖሪያ በሰፊው እናገራለሁ ብሎ የገባውን ቃል አለመፈጸሙን ይጠቅሳሉ። ሊሆን ይችላል። ሰዎች የየዘመዶቻቸውን ሬሳ በሌላው ሰው የማገዶ ክምር ላይ ለመጫን እየተደባደቡ፣ ሬሳውን ከመተው ደም መፍሰሱን እየመረጡ የሚዘጋ ግጥም ግን በምንም ሚዛን ለማባበያ የተቀባ ማር አይደለም። የጨመራት ያቺ የሞት ፍርሃት ደግሞ የግድፈት ውጤት ልትሆን አትችልም፤ በሦስተኛው መጽሐፍ ሰውን ለሥልጣን፣ ለሀብትና ለክህደት ስትነዳ የታየችው እሷው ናት፤ አሁን በአቴና ጎዳና ላይ ቢላ ይዛ የቆመችውን አንባቢ የሚለያት ቀድሞ በዚያ ግጥም ውስጥ ስላገኛት ነው።